ትናንት ያለፈ ቴስት ዛሬ ለምን ወደቀ? በፕሮሰሰር ሲሙሌተር ላይ ለሚሠሩ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል የምንሰባሰብ ጥቂት ሰዎች ነን። ጄም5 የሚባለውን ነፃ ሲሙሌተር (ፕሮሰሰርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ይዘን የካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) እና የፕሪፌቸር (ዳታ ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚያመጣ ክፍል) ሐሳቦች እንሞክራለን። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው አለ ወይ ለምትሉ፣ አለ፤ ከኛ በላይ የሚሠራው ግን ቬንትሌተሩ ነው። አዲስ ሰው ጀመዓውን በተቀላቀለ በሳምንቱ ይዞት የሚመጣው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ምንም አልነካሁም፤ ቴስቱ ግን ወደቀ።» መልሱን በየጊዜው በሻይ ላይ ስደግመው ሰለቸኝና ጻፍኩት።

ሪግሬሽን ቴስት ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ትንሽ ፕሮግራም በሲሙሌተሩ ውስጥ ይሮጣል። ሲያበቃ ሲሙሌተሩ የቁጥር ፋይል ይጽፋል። ስንት ሳይክል (የፕሮሰሰር ሰዓት ምት) ፈጀ፣ ካሹ ስንት ጊዜ ሳተ (የተፈለገው ዳታ አልተገኘበትም፤ «ሚስ» የምንለው)፣ ስንት ብራንች (የፕሮግራሙ መንገድ የሚከፈልበት ቦታ) በስህተት ተገመተ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ያ ፋይል «ይህ ልክ ነው» ብለን ካስቀመጥነው ጋር ይነጻጸራል። ከተለየ ወደቀ።

ኮዱን ራሳችሁ ለውጣችሁ ቁጥሩ ቢለወጥ አይገርምም። እዚህ የምናወራው ኮዱ እንዳለ ሆኖ ቁጥሩ ሲለዋወጥ ነው።

ትንሽ ልዩነት ብትኖር ምን ችግር አለው? እውነተኛ ፕሮሰሰርም እኮ ሁለቴ እኩል አይሮጥም።

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። እውነተኛው ማሽን ሁለቴ እኩል አይሮጥም፣ እውነት ነው። ሲሙሌተሩ ግን ዓለሙን ራሱ የሚፈጥር ነገር ነው። ጊዜን የሚቆጥረው በቲክ ነው። ጄም5 ላይ፣ ካልለወጣችሁት፣ አንድ ቲክ አንድ ፒኮሰከንድ ነው። ስለዚህ የ2 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር አንድ ሳይክል 500 ቲክ ይሆናል። የሚከሰተው ነገር ሁሉ በወረፋ ተሰልፎ፣ በቲኩ ቅደም ተከተል ይፈጸማል። የግድግዳ ሰዓት እዚያ ውስጥ የለም። ያው ፕሮግራም፣ ያው ግብዓት ከተሰጠው እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ያው ውጤት መምጣት አለበት።

ካልመጣ፣ ከውጭው ማሽን ወደ ውስጠኛው ዓለም ሾልኮ የገባ ነገር አለ። ፍለጋው በሙሉ ይኸው ነው፤ ምን ገባ፣ በየት በኩል ገባ።

«0.3 በመቶ ብቻ ነው፣ እንለፈው» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። እሺ፣ እንለፈው። በሚቀጥለው ሳምንት የእናንተ አዲስ ፕሪፌቸር 0.3 በመቶ ሲያሻሽል በምን ታሳዩናላችሁ?

የድሬ ሙቀት ይሆን የሚያበላሸው?

«ሙቀቱ ነው» ማለት እዚህ ለሁሉም ነገር ይሠራል። ሰው ቢያረፍድ ሙቀቱ ነው፣ ስልክ ቢዘጋ ሙቀቱ ነው። ለቴስት ግን ብዙም አያስኬድም። ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲሙሌሽኑ ይረዝማል፤ ውስጡ ያለው ሰዓት ግን ይህን አያውቅም። የሚለወጡት በ«ሆስት» የሚጀምሩት ቁጥሮች ናቸው። እውነተኛው ማሽን ስንት ሰከንድ ፈጀ፣ ስንት ሜሞሪ ያዘ፣ በሰከንድ ስንት ኢንስትራክሽን ሠራ የሚሉት ማለት ነው። እነሱን ከንጽጽሩ አውጧቸው። እነሱን ሳያወጣ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

ሙቀት የሚገባባት አንዲት በር ግን አለች፦ የጊዜ ገደብ። 10 ደቂቃ የተመደበለት ቴስት ጠዋት በ8 ደቂቃ ያልቃል፣ ከሰዓት 11 ደቂቃ ያስፈልገውና ሳይጨርስ ይገደላል። ሪፖርቱ ላይ «ወደቀ» ነው የሚለው። የሎጉን መጨረሻ መስመር አንብቡ፤ ቁጥር ተለይቶ ነው ወይስ ሰዓት አልቆበት?

ሌላው የታመመ ራም ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። በየጊዜው የሚወድቀው ቴስት ይለያያል፣ ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም የሚቀይረው) አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይሞታል። አንድ ሌሊት ሜምቴስት አስኪዱ። ከዚህ በቀር ሙቀቱን ተዉት።

መብራት ጠፍቶ ከሆነስ?

የቁጥር ፋይሉ መጨረሻ ላይ የማብቂያ መስመር አለ። እሷ ከሌለች ፋይሉ ግማሽ ነው፤ አታነጻጽሩት፣ እንደገና አሩጡ። ኮምፓይል እየተደረገ ሳለ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የቢልድ ፎልደሩን አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ምንም ሳትነኩ። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ግን ቴስት ሲወድቅ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። ያኔ ማስረጃው ጠፋ። የወደቀውን ባይነሪ (ኮምፓይል ተደርጎ የወጣውን ሲሙሌተር)፣ የቁጥር ፋይሉን፣ የኮንፊግ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ከዚያ ያንኑ ባይነሪ፣ እዚያው ማሽን ላይ፣ ከዚያው ፎልደር ደጋግማችሁ አሩጡ።

ከሁለት አንዱን ታያላችሁ። ወይ እዚያው ማሽን ላይ አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል። ወይ እዚህ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ይወድቃል፣ ሌላው ላይ ሁልጊዜ ያልፋል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ይህን ሳይለዩ ኮድ ማንበብ የሚጀምር ሰው ደቻቱ አሸዋ ላይ መርፌ ይፈልጋል።

ስንት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው «ተስተካከለ» የምለው?

ሦስት ጊዜ አይበቃም። አስርም አይበቃም። ከ10 አንዴ የሚወድቅ ቴስት በተከታታይ 10 ጊዜ የማለፍ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም ምንም ሳታስተካክሉ ከሦስት አንዴ «ተሳካልኝ!» ብላችሁ ከረምቡላ ልትጫወቱ ትሄዳላችሁ። ዕድሉን ከ5 በመቶ በታች ለማውረድ 29 ንጹሕ ሩጫ ያስፈልጋል። ከ20 አንዴ ለሚወድቅ 59። ስለዚህ መጀመሪያ ከስንት አንዴ እንደሚወድቅ ቁጠሩ፣ ከዚያ ጠግኑ።

የልዩነቱን ምንጭ እንዴት አገኘዋለሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ይህ ነው።

የመጨረሻውን የቁጥር ፋይል እያዩ ወደ ኋላ መገመት አያዋጣም። እኔ ራሴ ተሞኝቼበታለሁ። ሁለት ሩጫ ሳነጻጽር ትልቁ ልዩነት የነበረው ሁለተኛው ካሽ (ከመጀመሪያው ቀጥሎ ያለው) ላይ ነው። ሦስት ቀን የሁለተኛውን ካሽ ኮድ አነበብኩ። ምንም የለበትም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ካሹ የተቀበለውን ነው የቆጠረው።

መያዝ ያለባችሁ የመጀመሪያዋን ልዩነት ነው። ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ መዘዝ ነው። ጄም5 የፈጸመውን እያንዳንዱን ኢንስትራክሽን ከነቲኩ የሚጽፍበት ፍላግ አለው፤ ኤግዜክ ይባላል። ያለፈውንና የወደቀውን ሩጫ በእሱ አስነስታችሁ ሁለቱን ትሬስ መስመር በመስመር ታነጻጽራላችሁ። ይህንኑ የሚሠራ ትሬስዲፍ የሚባል ስክሪፕት አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እያስሮጠ ያነጻጽራል፣ ሁሉንም ዲስክ ላይ ማከማቸት አያስፈልገውም።

ማከማቸት የምር ችግር ነው። ትሬስ በአንድ ጊዜ ብዙ ጊጋባይት ይሞላል። የኛ ዲስክ ሁለቴ ሞልቶ ቆሟል። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢውን አጥብቡ። ሲሙሌተሩ ቁጥሮቹን በየተወሰነ ቲክ እንዲጽፍ አድርጉ፣ ሁለቱ ሩጫዎች መጀመሪያ የተለያዩበትን ክፍል ፈልጉ፣ ትሬሱን ለዚያ ክፍል ብቻ ክፈቱ። ትሬሱ የሚጀምርበትን ቲክ መስጠት ይቻላል።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ መስመሮች የሆስቱን ሜሞሪ አድራሻ ያትማሉ። እሱ በየሩጫው ስለሚለያይ ሁሉም መስመር የተለየ ይመስላል። አድራሻውን ከትሬሱ አጣርታችሁ አውጡና ከዚያ አነጻጽሩ።

እኔ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዋ ልዩነት ቲክ 48,213,500 ላይ ወጣች። አንድ ሎድ ኢንስትራክሽን (ከሜሞሪ ዳታ የሚያነብ ትእዛዝ) በአንደኛው ሩጫ 500 ቲክ ዘግይቷል። አንድ ሳይክል ብቻ። ከዚያች አንድ ሳይክል ተነስቶ ነው ሁለተኛው ካሽ ጋ ሲደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ሚስ የሆነው።

እና ምን ሆኖ ተገኘ?

ፕሪፌቸራችን ነበር። የራሳችን ኮድ ነው፤ ጄም5ን አልወቅስም። የሚጠባበቁ ጥያቄዎችን በሃሽ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በፖይንተራቸው (በሜሞሪ አድራሻቸው) ነበር የምናስቀምጠው። ጥያቄው በየትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚወድቅ የሚወስነው የሜሞሪ አድራሻው ነው። ሊኑክስ ደግሞ ለደህንነት ሲል ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር የሜሞሪውን መነሻ ያዘዋውራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች በተለያየ ሳጥን ይወድቃሉ፣ አንዳንዴ አንድ ሳጥን ይጋራሉ። ሲጋሩ በሉፑ ውስጥ የሚወጡበት ተራ ይቀየራል። በአንድ ቲክ ላይ የደረሱ ሁለት ጥያቄዎች ቀዳሚና ተከታያቸው ተቀያየረ ማለት ነው። ተከታዩ አንድ ሳይክል ይጠብቃል። ያቺ ናት 500 ቲኳ።

ጥገናው አንድ መስመር ነበር ማለት ይቻላል። በመጡበት ተራ ዝርዝር ውስጥ አስቀመጥናቸው። ፖይንተርን ለመፈለጊያ መጠቀም ችግር የለውም። ተራ ለማውጣት ግን በፍጹም!

የአድራሻ ማዘዋወሩን ብዘጋውስ?

ለምርመራ፣ አዎ። ሴትአርች የሚባለውን ትእዛዝ ከትልቁ «አር» ጋር ከፕሮግራሙ ፊት ስትጽፉ ለዚያች ሩጫ ብቻ ይዘጋል። ዘግታችሁ 30 ጊዜ ስታስሮጡ ሁሌ ያው ቁጥር ከመጣ፣ ጥፋተኛው አድራሻ ላይ የተመሠረተ ነገር መሆኑን አወቃችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዘግቶ፣ ቴስቱ አለፈ ብሎ ይሄዳል። ያ ማስታገሻ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ኮምፓይለር በተቀየረ ቀን ይመለስባችኋል።

ጂዲቢ ውስጥ ሳስሮጠው ግን ፈጽሞ አይወድቅም! ለምን?

አቦ፣ ይህቺ ጥያቄ ስንቱን አሳበደች። ጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆምን ውስጡን የምንመረምርበት መሣሪያ) የአድራሻ ማዘዋወሩን ራሱ ነው የሚዘጋው፤ ተወው ካላላችሁት በቀር። ስለዚህ ባጉ የሚወጣበትን ሁኔታ አጥፍቶ ነው የሚያሳያችሁ። ቅንብሩ ውስጥ ማዘዋወሩ እንዲቀጥል የሚያደርግ አማራጭ አለ፣ እሱን አብሩ። ጂዲቢ ውስጥ አለመውደቁ ራሱ አንድ ፍንጭ መሆኑንም አትርሱ።

እሴት ያልተሰጠው ቫሪያብል ቢሆንስ?

በጣም የተለመደ ነው። ክላሱ ላይ አዲስ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ቫሪያብል) ትጨምራላችሁ፣ ኮንስትራክተሩ ውስጥ ግን ማስጀመሪያ እሴት መስጠት ትረሳላችሁ። ከሲስተሙ በቀጥታ የመጣ ሜሞሪ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቀድሞ ሌላ ነገር የነበረበት ሜሞሪ ተመልሶ ሲሰጥ ግን ውስጡ ያለፈው ቆሻሻ አለ። ዲባግ ቢልድ ላይ የሚያልፍ፣ ኦፕቲማይዝ የተደረገው ላይ የሚወድቅ ቴስት ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ቫልግራይንድ የሚባለው የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ ያገኘዋል። ከ10 እስከ 50 እጥፍ ስለሚዘገይ ትንሿን ቴስት ምረጡ። ጄም5 ውስጥ ያለው ፓይተን ብዙ የውሸት ጫጫታ ያስነሳል፤ እሱን የሚያፍን ፋይል ከጄም5 ጋር ይመጣል። ቀሪውን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። «ውሳኔው እሴት ባልተሰጠው ነገር ላይ ተመሥርቷል» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ከራሳችሁ ፋይል ስም ጋር ከወጣ፣ ተገኘ።

እኔ ጋ ሁሌ ያልፋል፣ እሷ ጋ ሁሌ ይወድቃል። ያው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ እትም) ነው።

ይህ ሁለተኛው በሽታ ነው። ከኛ ክፍል የወጣ አንድ ምሳሌ ላንሳ።

ሁለት ላፕቶፖች፣ ያው ሊኑክስ፣ ያው ኮምፓይለር። የሳይክሉ ቁጥር በትንሹ ይለያያል። ግማሽ ቀን ተፈለገ። በመጨረሻ የተገኘው የፎልደር ስም ነበር። የአንደኛዋ ተጠቃሚ ስም አጭር ነው፣ የሌላው ረዥም፤ ስሙን ከነአባቱ ነበር የጻፈው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይጫን ፕሮግራሙን ብቻ በምናስሮጥበት ዘዴ ሲሙሌተሩ የፕሮግራሙን ሙሉ መንገድ (ያለበትን የፎልደር አድራሻ) ስታክ በሚባለው የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ እውነተኛ ሊኑክስም እንዲሁ ያደርጋል። መንገዱ ሲረዝም ስታኩ ትንሽ ይወርዳል። ዳታው በሌላ የካሽ መስመር ላይ ያርፋል። የካሽ ሚስ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቴስቶቻችን የሚሮጡት በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ስም ካለው ፎልደር ነው። ልጁ አሁንም «በስሜ ምክንያት» እየተባለ ይቀለድበታል።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። ሲ ፕላስ ፕላስ የፈንክሽን አርጉመንቶች በየትኛው ተራ እንደሚሰሉ አይደነግግም። ከኮምፓይለሮቹ ጂሲሲ ብዙ ጊዜ ከቀኝ፣ ክላንግ ከግራ ይጀምራል። በአንድ ጥሪ ውስጥ ሁለቴ ራንደም ቁጥር ከጠራችሁ ሁለቱ ተገለባበጡ ማለት ነው። «ቻር» የሚባለው ዓይነት በተለመደው ላፕቶፕ ላይ ነጌቲቭ ይይዛል፣ አርም ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይይዝም። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ላይ ደግሞ ኮምፓይለሩ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ኢንስትራክሽን ካዋሃደ የመጨረሻዋ አሃዝ ትለያለች፤ እሷን ይዞ «ከዚህ ይበልጣል ወይ» ብሎ የሚወስን ኮድ ካለ መንገዱ ተቀየረ።

ራንደም ቁጥር ካለ ቀድሞውኑ እንዴት እኩል ይሆናል?

መነሻ ዘሩ ከታወቀ ራንደሙም የታወቀ ነው። ሜርሴን ትዊስተር የሚባለው ቁጥር አመንጪ በየትኛውም ማሽን ላይ ያው ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ እንዲያውም በመደበኛው ዘር 10,000ኛው ቁጥር 4123659995 መሆን አለበት ብሎ ጽፏል። ወጥመዱ ቀጥሎ ነው። ያንን ጥሬ ቁጥር «ከ1 እስከ 6» ወደሚል ክልል የሚቀይረው የላይብረሪ ክፍል አሠራሩ አልተደነገገም። ሁለት ላይብረሪዎች ከአንድ ዘር የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ። የራሳችሁን መቀየሪያ ጻፉ፤ አምስት መስመር ነው። ዘሩን ከሰዓት የሚወስድ ኮድ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አስወግዱ።

ፓይተኑስ?

ጄም5 የሚቀናበረው በፓይተን ነው። ከ3.3 ወዲህ ፓይተን የጽሑፍ ሃሽን በየሩጫው ይቀያይራል። «ሴት» (set) በሚባለው የፓይተን ስብስብ ውስጥ የካሾችን ስም አስቀምጣችሁ በሉፕ ብታወጧቸው ተራው ሊለያይ ይችላል። የተገናኙበት ተራ ተለየ፣ የፖርታቸው ቁጥር ተለየ። ሶርት አድርጉት።

ለብቻው ያልፋል፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ይወድቃል።

ሁለት ቴስቶች አንድ የውጤት ፎልደር ላይ እየጻፉ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን ስጡት።

ጊት ባይሴክትን መጠቀም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ኮሚቶቹን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ጥፋቱ የገባበትን ይፈልጋል፣ 1,000 ኮሚት ውስጥ በ10 እርምጃ ገደማ ጥፋተኛው ይገኛል። አንዳንዴ ብቻ ለሚወድቅ ቴስት ግን በእጅ አትሥሩት። አንዴ አስሮጣችሁ «ደህና ነው» ካላችሁ በተሳሳተው ግማሽ ውስጥ ትቀራላችሁ፣ መጨረሻ ላይም የአንዱን ንጹሕ ሰው ኮሚት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። በየእርምጃው 30 ጊዜ የሚያስሮጥ፣ አንዴ እንኳ ከወደቀ «መጥፎ» የሚል ስክሪፕት ጻፉለት። ኮምፓይል እምቢ ለሚለው ኮሚት 125 እንዲመልስ አድርጉ፣ ይዘለዋል። ማታ አስነስታችሁ ተኙ፤ ድሬ ላይ ማሽኑም የሚያርፈው ሌሊት ነው።

የተቀመጠውን ቁጥር በአዲሱ ብተካውስ?

ሁለት ዓይነት ቁጥር እየሰጠ ያለ ቴስት ላይ የቱን ልትተኩ ነው? አንዱን ብትተኩ በሌላው ይወድቃል። ምክንያቱን ያላገኛችሁትን ቴስት ለጊዜው ከዝርዝሩ ማውጣት ካስፈለገ አውጡ፣ ግን የወደቀውን ባይነሪና ሁለቱን የቁጥር ፋይሎች አብራችሁ አስቀምጡ፣ የማን ሥራ እንደሆነም ስም ይጻፍበት። ስም የሌለው ሥራ ዓመት ይቀመጣል። የኛ አንዱ ዓመት ከአራት ወር ተቀምጧል፣ ስሙም የኔ ነበር።

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው። ይሆናል?

ይሆናል። ኮምፓይል ስታደርጉ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሥራ በላይ አትስጡት፣ ሊንክ ላይ ሲደርስ ሜሞሪ ይበላል። አንድ አርክቴክቸር (የፕሮሰሰር ዓይነት) ብቻ ሥሩ፣ ሁሉንም አትሞክሩ። የመጀመሪያው ቢልድ ረዥም ነው፤ ጠዋት አስነስታችሁ ፉል በልታችሁ ብትመለሱም ላያልቅ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን አንዷን ትንሽ ቴስት 30 ጊዜ አስሮጣችሁ ቁጥሮቹን ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ክፍሉ ክፍት ነው።